ገንዘብ ከፍሎ መውደቅ

ገንዘብ ከፍሎ መውደቅ የሚማር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማየት ብቻም አይደለም፤ የመግቢያውን ከፍዬ፣ ጫማዬን አውልቄ አብሬ ተንከባልያለሁ። ነገሩ የሆነው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ብዙም ሳይርቅ ነው። እዚህ አገር የማይከፈልበት ነገር ስለሌለ ክፍያው ብዙ አይግረማችሁ።

ጣጣውን ያመጣው ወገቤ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ወገብ ምን እንደሚሆን የሥራ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ሐኪሜ «ተንቀሳቀስ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከማለዳ እስከ ማታ ከተማውን ሳካልል ነው የምውለው፤ የሚንቀሳቀሰው መኪናው ሆነ እንጂ። ይህንኑ አንድ ቀን ለአንዲት ደንበኛዬ ሳማርር፣ ከኋላ ወንበር ሆና «እሁድ እሁድ የምንደንስበት ቦታ አለ፤ ለምን አትመጣም?» አለችኝ። ወደ ሰባ ዓመት ሳይጠጋት አይቀርም፤ ከመኪናው ስትወርድ ግን በሩን እንኳ አልተደገፈችም። ያሳመነኝ እሱ ነው።

ለዳንስ የተጠራ ያገራችን ሰው ምን ያደርጋል? ሱፉን ይለብሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ሽቶ ይረጫል፤ ብቻውንም አይሄድም። እኔም ይህንኑ አደረግሁ፤ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበርኩ ባይ ነኝ። ዳንስ ነው የተባልኩት። በየሠርጉ ትከሻው የተመሰከረለትን የአክስቴን ልጅ አስከትዬ ልወጣ ስል ባለቤቴ በር ላይ «ከማን ጋር ነው የምትደንሰው?» አለችኝ። «ሐኪም ነው ያዘዘው» አልኳት። ጥያቄዋን እንዳልመለስኩ እሷም እኔም እናውቃለን፤ ለጊዜው አለፈችኝ።

ቦታው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ስንገባ ግማሹ ሰው ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተንጋሎ ጣራ ያያል፤ አንዲት ወጣት በአንድ ረጅም ሰውዬ ትከሻ ላይ በሆዷ ተንጠልጥላ፣ እጅና እግሯን ለቃ ትሽከረከራለች። ከትንፋሽና ከባዶ እግር ኮቴ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ከታገሠ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሙዚቃው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ገና እየተሰናዱ ይሆናል ብዬ አጽናናሁት። ሙዚቃ የሚባል ነገር እንደማይመጣ የገባን የሱ ስልክ ሲጮህ ነው። መጥሪያው የሠርግ ዘፈን ነበር። ማንም አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወለሉ ላይ የተኙ ሁለት ልጆች እንደተጋደሙ በምቱ ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። የአክስቴ ልጅ ግን ስልኩን ላነጋግር ብሎ እንደወጣ መኪና ውስጥ ቀረ።

ዳንሱ ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን ይባላል፤ ሰው ተሰብስቦ የሚደንስበትን ሰዓት ጃም ይሉታል። ታሪኩን ደንበኛዬ እዚያው ግድግዳ ሥር ጀመረችልኝ፤ የቀረውን ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አነበብኩት። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) የጀመረው ስቲቭ ፓክስተን ነው፤ አሪዞና ተወልዶ፣ በጂምናስቲክ ተገርቶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በመርስ ከኒንግሃም የዳንስ ቡድን ውስጥ የሠራ ሰው። በ1962 ኒው ዮርክ በጀድሰን ቤተ ክርስቲያን ተሰባስበው፣ ዳንስ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው እያሉ ነገር ከሚያነሡት ወጣቶችም አንዱ ነበር። በ1967 ሳቲስፋይን ላቨር በተባለው ሥራው ዳንስ ያልተማሩ ሰዎችን መድረክ ላይ አውጥቶ እንዲራመዱ፣ እንዲቆሙ፣ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ አደረጋቸው። በቃ፣ ዳንሱ ይኸው ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው «ታዲያ እኔም ፒያሳ ስወጣ ስወርድ ስደንስ ነው የኖርኩት» አለ። ለቀልድ ነበር፤ ፓክስተን ቢሰማው ግን ልክ ነህ የሚለው ይመስለኛል።

ሰውዬው የጃፓኖቹን አይኪዶም ተምሯል። አይኪዶ ሌላውን ከመጣል ጋር መውደቅን ያስተምራል፤ ሳይሰበሩ፣ ተጠቅልሎ መውረድን። በጥር 1972 ኦሃዮ በሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ወንድ ተማሪዎችን ሰብስቦ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ ማግኒዚየም የተባለውን ሥራ አሳየ። ልጆቹ ይዘላሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነሥተው ደግሞ ይወድቃሉ። ካዩት መካከል ናንሲ ስታርክ ስሚዝ የምትባል የኮሌጁ ተማሪ ነበረች። ሴቶችን የምታስገባ ከሆነ እኔ አለሁ አለችው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኒው ዮርክ፣ ጆን ዌበር ጋለሪ ውስጥ ነገሩ በዛሬ ስሙ ለተመልካች ሲቀርብ እሷም ከዳንሰኞቹ ጋር ነበረች፤ በ2020 እስክትሞት ድረስም በየአገሩ ስታስተምረው ኖራለች።

ማግኒዚየም ያለቀው ግን በመውደቅ አይደለም። ልጆቹ መጨረሻ ላይ ለደቂቃዎች ዝም ብለው ቆሙ። ፓክስተን ይህን መቆም ትንሹ ዳንስ ይለው ነበር። እኔንም ደንበኛዬ ከዚሁ አስጀመረችኝ፤ «ዓይንህን ጨፍነህ ቁም፤ ምንም አታድርግ።» በዚህስ ማንም አይበልጠኝም አልኩ በሆዴ፤ ማኅሌት ሌሊቱን ቆሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለካ ያን ጊዜ የቆመችልኝ መቋሚያዬ ኖራለች! ያለ እሷ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ሰውነት ለአፍታም አይቆምም። ወደ ፊት ትንሽ ይወድቃል፣ የእግር ጣት ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ተረከዝ ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ሳያዘው ነው። ከዳንሱ ሁሉ እስከ ዛሬ የምወደው ይህን ነው፤ ደግሞም ሱፍ አያበላሽም።

ከዚያ አንድ ግዙፍ ሰው መጥቶ ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጠኝ።

መነካካት ለኛ አዲስ አይደለም። ሰላምታችን ትከሻ ለትከሻ መጋጨት ነው፤ ጉንጭ እንሳሳማለን፤ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው አውራ ጎዳና ያቋርጣሉ፤ በሰው አፍ ውስጥ በእጃችን ምግብ እንከታለን። የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይማ ማን የማን ጭን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ከፈረንጅ ይልቅ ለዚህ ነገር የተፈጠርን መስሎኝ ነበር። ግን የኛ ንክኪ ሁሉ ሰዓትና ማዕረግ አለው። ማን ማንን፣ የት ላይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚስም ሳይነገረን እናውቃለን። እዚህ ጀርባዬ ላይ ያረፈው ሰውዬ ግን ሰላም ሊለኝም፣ ሊያጽናናኝም፣ ሊያከብረኝም አልፈለገም። ክብደቱን ብቻ አመጣ፤ የኔንም ጠበቀ።

እኔ ደግሞ መስጠት አቃተኝ። ጀርባው በነካኝ ቁጥር «ይቅርታ» እላለሁ፤ በተጠጋኝ ቁጥር እግሬን ተክዬ ራሴን እሸከማለሁ። ለሰው ሸክም አትሁን እየተባልን አይደል ያደግነው? ሰው ቤት ሄደን ውኃ ለመቀበል እንኳ «ኧረ አይቸገሩ» ሳንል አንወስድም። ሰውዬው በመጨረሻ ዞር ብሎ «በጣም ከበድከኝ» አለ። እኔ እንዳልከብደው ነበር ልቤ እስኪጠፋ የምጨነቀው! በኋላ ሳስበው እውነቱን ነው። መርካቶ ጭነት ሲወርድ ቆሞ ያየ ያውቀዋል፤ ግጥም ብሎ የሞላ ጆንያ ትከሻ ላይ ልክክ ይላል፣ ግማሽ የሆነው ግን ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ ኩሊውን ይጥለዋል። ራሱን ቆጥቦ የሚደገፍ ሰው ዘንድም ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚሸከመው ሰው ምን ያህሉ እንደመጣ፣ ምን ያህሉ እንደቀረ አያውቅም። ስለዚህ ለቀቅኩት። ወገቤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀጭ» አለ፤ በደግ።

ማንሣቱም በጉልበት አይደለም። እጅ አይጨብጥም፣ አይጎትትም። የሚያነሣው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ዳሌውን ከሌላው ዳሌ ሥር ያስገባል፤ የሚነሣው እዚያ ላይ ይጋደማል፤ የታችኛው እግሩን ሲያቃና የላይኛው ሳያስበው አየር ላይ ነው። እኔም ሳላስበው አየር ላይ ሆንኩ። እግሬ ወደ ጣራ፣ ራሴ ወደ ወለል። የመኪናው ቁልፍ፣ ሳንቲሙ፣ የመንጃ ፈቃዴ፣ ከኪሴ ወርደው ወለሉን ሞሉት። በዚሁ ቅጽበት በሩ ተከፈተ።

ከጃሙ ቀጥሎ አዳራሹን የሚከራዩት የኛው ሰዎች ናቸው። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምንጣፍና ዕጣን ይዘው ቀድመው ገቡ። ከፊት ያሉትን በግልባጭም ቢሆን አወቅኋቸው፤ የባለቤቴ የማኅበር እናት ናቸው። አማተቡ። እኔ ተዘቅዝቄ ባለሁበት ጎንበስ ብዬ ሰላም ልላቸው ሞከርኩ፤ ተዘቅዝቆ ጎንበስ ማለት ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። በማግስቱም እሳቸው ራሳቸው ጠበል በጄሪካን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉኝ።

«ስፖርት ነው፣ እትዬ።»

«ስፖርት ከሆነ ኳሱ የታለ?»

ባለቤቴ ቡና እየቆላች ሳቋን ዋጠች። አስረዳኋቸው፤ እሱም ይሸከመኛል፣ እኔም እሸከመዋለሁ አልኩ። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ የሚያዘው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። መጻሕፍት ሲያገላብጡ ከኖሩ ሰዎች መካከል ነገሩን በዚህ ፍጥነት የያዘ የለም። የሚያዝ የለም፤ ሁለቱም የሚከተሉት አካላቸው የተነካካበትን ነጥብ ነው፤ ነጥቧ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ጎን ስትንከባለል እነሱም ይሄዳሉ። ይህን ስነግራቸው «የሚያዝ የሌለው ነገር መጨረሻው መፈነካከት ነው፤ አደራ፣ አገር ቤት እንዳይገባ!» ብለው ጠበሉን ቀዱልኝ። ጠጣሁ። ምን አደርጋለሁ?

የመፈነካከቱን ነገር ፓክስተንና ጓደኞቹም አስበውበታል። ዳንሱ ሲስፋፋ ሳይዘጋጁ የሚዘሉ ሰዎች ይጎዳሉ የሚል ሥጋት መጣ፤ በ1975 ስሙን በሕግ አስመዝግቦ፣ የሚያስተምሩትን በፈቃድ ለመወሰን ወረቀት እስከ ማዘጋጀት ደርሰው ነበር። ኋላ ተዉት። የዳንስ ፖሊስ ከመሆን እርስ በርስ እየተጻጻፉ መማማርን መረጡ፤ ኮንታክት ኳርተርሊ የተባለው መጽሔት ከዚህ ተነሣ፣ ናንሲ ስታርክ ስሚዝና ሊሳ ኔልሰን ለአሥርታት አዘጋጁት። ዮጋ በስንት ዓይነት የንግድ ስም ታጥሮ እንደሚሸጥ ላየ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፓክስተን በየካቲት 2024 በ85 ዓመቱ ሲሞት ከዳንሱ ስም የሚሰበሰብ ኪራይ አልነበረውም። እኔ ደግ አደረገ እላለሁ፤ እትዬ አይሉም።

አገር ቤት እንዳይገባ ያሉት ግን አርፍደዋል። ከጃሙ ዳንሰኞች አንዷ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች ሴት ናት፤ የወንበሯን ጎማ ይዛ ስትዞር እጀታው ላይ የተደገፈውን ሰው እግሩን ከመሬት ታስለቅቀዋለች። እንዲህ ያለውን ዳንስ አሊቶ አሌሲና ካረን ኔልሰን በ1987 ኦሪገን ውስጥ ዳንስኤቢሊቲ ብለው ጀመሩት። እንግሊዝ አገር ደግሞ አዳም ቤንጃሚን በ1991 ከሰለስት ዳንደከር ጋር ካንዶኮን መሠረተ፤ አካል ጉዳተኛና ጉዳት የሌለበት እኩል የሚደንሱበት ቡድን ነው። ይኸው ቤንጃሚን አዲስ አበባ ሄዶ፣ ጎዳና ላይ ከኖሩ ልጆች ከተመሠረተው ከአዱኛ የዳንስ ቡድን ጋር ሠርቷል፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችም የዚያ ሥራ ባለቤቶች ነበሩ። እኔ ሜሪላንድ ላይ ተዘቅዝቄ ስደናገጥ፣ አዲስ አበባ ላይ ነገሩን ከኔ ቀድመው አሳምረው የሠሩት ነበሩ ማለት ነው።

የሚከብደው ሌላ ነው። በጃም አንድ ሕግ አለ፤ ማንም ሰው በፈለገው ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጥ ዳንሱን ትቶ መሄድ ይችላል። ለፈረንጆቹ ቀላል ነው፤ ፈገግ ብለው ይሄዳሉ። እኔ አንዱን በላብ የተነከረ ሰውዬ፣ ቅር እንዳይለው ብዬ እሱ እስኪደክመው ስጠብቅ፣ እሱም ያበሻ እንግዳ ነው ብሎ የኔን ድካም ሲጠብቅ፣ የተፈታው ወገቤ ተመልሶ ተያዘ። ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ደግሞ አለ። ንክኪውን ለሌላ ጉዳይ የሚፈልግ ሰው በየቦታው ይገባል፤ ዝም የምትለዋን መርጦ ይጠጋል። ፈቃድ ሰጪና ከልካይ በሌለበት ቤት ይህን የሚያስቆመው የተነካው ሰው አፍ ብቻ ሲሆን ሸክሙ ያለ ቦታው ነው ያረፈው። በብዙ ጃሞች አሁን ደንቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሲጀመርም ይነበባል፤ ዘግይቷል እንጂ ተገቢ ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ሽቶ አትረጩ፣ ክትፎ በልታችሁ አትሂዱ። «በቃኝ» ማለትን ግን ቤታችሁ ተለማምዳችሁ ሂዱ፤ እዚያ ደርሶ መጀመር ለኛ ሰው ይከብዳል።