እየደገምኩት ነው

አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ጠፍቷል። ሁሉም እየደገመ ነው። «ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» ያላችሁት ሰው ማኪያቶውን ፉት ብሎ፣ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ሰቅሎ፣ «ምን ባክህ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን እየደገምኩት ነው» ይላችኋል። «ምን ባክህ» የምትለዋ አትቀርም። ሌላ የሚነበብ ፈልጎ ፈልጎ አጥቶ፣ ሳይወድ በግዱ ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ የተመለሰ ታስመስለዋለች።

ሰው የወደደውን ቢደግም ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። ምንም አያገባኝም። ግን ያንገበግበኛል። መድገም ካለ መጀመር ነበረ ማለት ነው፤ ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ መቼ ነው የጀመረው? መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ «ትናንት ማታ ጀመርኩት፣ ገና ማንኩሳ ላይ ነኝ፣ መጨረሻውን እንዳትነግረኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልጆቻችን ሳይቀሩ ከእናታቸው ማሕፀን አንድ ዙር ጨርሰው የሚወጡ ይመስላል።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አራተኛ ዙር ላይ የደረሰ ባልደረባ አለኝ። መጽሐፉ ከጠረጴዛው ላይ አይነሳም። ገጹ መሐል እንደ ምልክት የገባችው የሎተሪ ትኬት ግን ከገና በፊት የነበረችበት ቦታ ላይ ነች፤ ዕጣው ወጥቶ፣ ባለዕድሉም ገንዘቡን ጨርሶት ይሆናል። አንድ ቀን ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ፣ እንደ ዋዛ፣ «የበዛብህ እናት ስሟ ማን ነበር?» አልኩት። ተንኮል ነው፣ ይታወቀኛል። ስኳሩን ሲያማስል፣ ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየና «እናቱ እኮ ብዙም አትነሳም» አለኝ። ብዙም አትነሳም! ውድነሽ በጣሙ! እሷና ቦጋለ መብራቱ ተጋብተው፣ ልጃቸውን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ባይሰጡት ኖሮ በዛብህ ከሰብለ ወንጌል ጋር ምን ጣጣ ውስጥ ይገባ ነበር? አባትና እናቱን ዘልሎ ያለፈ ሰው አራተኛውን ዙር የጀመረው ከስንተኛው ገጽ ይሆን?

ጉዱ ካሳን ግን የማያውቀው የለም። በየስብሰባው «ጉዱ ካሳ እንዳለው…» ብሎ እጁን የሚያወጣ አይጠፋም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጉዱ ካሳ ያላለው ነገር ነው።

የመድገም ማዕረጉም እንደ መጽሐፉ ይለያያል። በዓሉ ግርማን የሚደግም ትንሽ አመፀኛ ነገር አለበት፤ ስለ ኦሮማይ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አስተናጋጇ ሰላይ ትሆን ይመስል። ስብሐትን የሚደግም ፈገግ እያለ ነው የሚነግራችሁ። አዳም ረታን የሚደግም ሰው የመጽሐፉን ውፍረት በጣቶቹ ለክቶ ያሳያችኋል፤ ጣቶቹ የስንብት ቀለማት ላይ ሲደርሱ አይበቁትም። የማዕረጉ ቁንጮ ላይ ያለው ግን «አደፍርስን እየደገምኩት ነው» የሚለው ነው። ዳኛቸው ወርቁ ያንን መጽሐፍ ካሳተመበት ከ1962 ጀምሮ ስንቱ ጎበዝ መሐል መንገድ ላይ እየተወው እንደተመለሰ ስለማውቅ፣ እንዲህ ላለኝ ሰው ብድግ ብዬ ወንበሬን ለቅቄለታለሁ። ቢዋሽም ይገባዋል። ለትልቅ ነገር ነው የዋሸው።

እስካሁን ካገኘሁት ደጋሚ ሁሉ እውነቱን የነገረኝ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ልብ ወለድ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ባይ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው። ፈተናው አልሆነለትም፤ ማታ እየተማረ በግል ሊፈተን ነው። እሱ እየደገመ ነው፤ አምናለሁ። ስለ ሴል ግድግዳም ብትጠይቁት ስኳር አያማስልም።

ለነገሩ ሰው ምን እንደሚያነብ በጥያቄ ተደርሶበት አያውቅም። ደህናው ዘዴ ሽፋኑን አጮልቆ ማየት ነበር። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ይሄ ሕዝብ መጽሐፍ ይሸፍናል። እኛ ተማሪ እያለን መስከረም ሲጠባ የመጀመሪያው ሥራ ደብተርና መጽሐፍ መሸፈን ነበር። ሀብታሙ በወፍራም የግድግዳ ካላንደር፣ ድኻው በአዲስ ዘመን። ጠርዙን አጥፎ፣ ማዕዘኑን በመቀስ ቆርጦ፣ ማስቲሽ ያለው በማስቲሽ የሌለው በእንጀራ ፍርፋሪ ለጥፎ፣ ማታ ፍራሽ ሥር አስተኝቶ ያድራል። ብዙ ሰው ትምህርቱን ጨረሰና መሸፈኑን ግን አልጨረሰም። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ የገዙትን መጽሐፍ ርዕስ ከማንበባቸው በፊት ካላንደር ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳ ሲያዩ አይቻለሁ።

ነገሩ ከማስቲሽም በፊት ነው። ዳዊት ደጋሚው አባት መጽሐፉን ባዶውን ይዞ አይወጣም፤ በቆዳ ማኅደር ከትቶ፣ በጠፍሩ አንጠልጥሎ ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ምን እንደያዘ ስለሚያውቅ አይጠይቀውም። በነገራችን ላይ እውነተኛ ደጋሚ ካልን እሱ ነው፤ 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎለት፣ ሳምንቱ ባለቀ ቁጥር «ብፁዕ ብእሲ» ብሎ ሀ ብሎ የሚጀምር። አንድም ቀን ግን ቡና ቤት ገብቶ «ምን ባክህ» ሲል አልተሰማም።

ደርግ ሲመጣ ሽፋኑ ሌላ ሥራ አገኘ። ኦሮማይ በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያንን መጽሐፍ ርዕሱን አደባባይ እያሳዩ አውቶቡስ ውስጥ ማንበብ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። መጽሐፉ ያኔ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በሹክሹክታ ነው፤ ያነበበ «አነበብኩ» አይልም፣ የሚያነብም «እያነበብኩ ነው» አይልም። ወረቀቱ ራሱ የተደበቀም አለ። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በሲጋራ ፓኬት ውስጠኛ ወረቀት ላይ ነው፤ ብጥስጣሹ በሚፈቱ እስረኞች እጅ በየተራ ከግቢው ወጥቶ፣ ውጭ ተለቅሞ መጽሐፍ ሆነ። ያንን ያህል ሲጋራ ማን አጨሰው እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሳንባውን የሰጠ ሰው ሁሉ ሐውልት ይቅርና ምስጋና እንኳ አላገኘም።

የዛሬዎቹ ሸፋኞች ግን ማንን እንደሚፈሩ አይገባኝም። በቀደም ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በካላንደር የተሸፈነ መጽሐፍ ገልጣ ገባችበት። ሽፋኑ ላይ የአንድ ኢንሹራንስ ሕንፃ ተዘቅዝቆ ቆሟል፤ ከሥሩ ሐምሌ አለ። ርዕሱን ለማወቅ የቀረኝ አማራጭ ከትከሻዋ ላይ ማንበብ ነበር። አንድ ሰው በሌሊት በር ያንኳኳል። ውስጥ ያለችው ሴት መብራት አጥፍታ ቁጭ ብላለች። ሰውየው እንደገና አንኳኳ። ሴትዮዋ ተነሳች፣ ነጠላዋን ሳበች… ገለጠችው! እኔ ከገጹ ሥር ሦስት መስመር ይቀረኛል። ፈጣን አንባቢ ነች። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሴትዮዋ በሩ ጋ ደርሳ «ማነው?» አለች፤ መልስ የለም፤ አንገቴን ትንሽ ሰገግ ሳደርግ ጎረቤቴ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። እኔም ወደ መስኮቱ አዘነበልኩ። ረዳቱ «ሳር ቤት ወራጅ!» ሲል ዝም አልኩ። ቆሬ ላይ መጽሐፉን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ከላይ እስከ ታች ገርምማኝ ወረደች። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ በሩ ላይ ነው።

ብጠይቃት ኖሮስ? «እየደገምኩት ነው» ነበር የምትለኝ።

አሁን ደግሞ ሽፋን ማሳየት ፋሽን ሆኗል። መጽሐፉ በግራ፣ ማኪያቶው በቀኝ፣ መነጽሩ ከላይ፣ ፎቶ ይነሳል፤ ለወዳጅ ዘመድ ይላካል። የመጽሐፉ ላስቲክ አልወለቀም። ይሄስ ደህና፤ ቢያንስ ተገዝቷል።

ደሜን የሚያፈላው ሌላ ነው። ይሄው የማይጠግብ ደጋሚ «ለምን አዲስ መጽሐፍ አትሞክርም?» ሲባል አፍንጫውን ነፍቶ «የዘንድሮ ደራሲ ምን ይጽፋል?» ይላል። የዘንድሮውን ደራሲ በምን አወቅከው? የትኛውን ገልጠህ ጣልከው? እዚህ ከተማ ውስጥ ከደመወዙ ቆርጦ፣ ዕቁብ ጠጥቶ፣ የሚስቱን ወርቅ ሸጦ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው አለ። ማተሚያ ቤት ደጅ ይጠናል፤ ወረቀት ጨመረ ይሉታል፤ ይከፍላል። ታትሞ ሲወጣ ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ ለአከፋፋይ ያደርሳል፤ ሒሳቡን ሊቀበል ሲመላለስ ጫማው ያልቃል። አዟሪው ያንን መጽሐፍ ከሌሎቹ ጋር እስከ አገጩ ድረስ ቆልሎ ፀሐይ ላይ ይዞራል። አንተ ደግሞ ክምሩን አይተህ «ፍቅር እስከ መቃብር አለህ?» ትለዋለህ። ቤትህ ሁለት አለህ! መጽሐፉ ጥሩ ነው ተብሎ ሲወራ ደግሞ፣ ደራሲው የማተሚያ ቤት ዕዳውን ሳይጨርስ፣ «ፒዲኤፉ የለህም? በቴሌግራም ላክልኝ» ማለት ይጀመራል። አንዱ ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ፣ ከነአውራ ጣቱ ጥፍር፣ ፎቶ አንስቶ ይለቀዋል። ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም። የሚሰርቀውም አያነበውም፤ ስልኩ ውስጥ ሞልቶ ልጁ የልደት ቪዲዮ ማስቀመጫ ሲያጣ ያጠፋዋል። ያ ደራሲ ተስፋ ቆርጦ፣ ታሞ ሲሞት ግን ቀብሩ ላይ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። በሣምንቱ ሁላችንም እየደገምነው ነን።

ይቅር። ስለ መጽሐፍ ሳወራ ግፊቴ እንዳይነሳ ሐኪሙም፣ ባለቤቴም ነግረውኛል።

ደግነቱ ግቢያችን ውስጥ ያሉት እማማ አሉ። እሳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብበውታል?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሳያቅማሙ «እኔ? ሰምቼው ነው እንጂ!» ይላሉ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ነው የሰሙት። ይህችን አገር ዞሬ ብፈልግ እንደዚህ ጥርት ያለ መልስ አላገኝም። ውድነሽ በጣሙን ብትሉ ውድነሽ በጣሙን፣ ፊታውራሪ መሸሻን ብትሉ ፊታውራሪን፣ ከነሳላቸው ያመጡላችኋል፤ ፊደል ቆጥረው መጽሐፉን ካልጨረሱት ይልቅ እሳቸው ስንቱን ይዘዋል። በኋላ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲመጣም ተቀምጠው ያዩት ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ድምፁ እሱ አይደለም» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሰብለ ወንጌልን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብቻዋን ትተዋት።

በቀደም ቡና ጠርተውኝ ይሄን የመድገም ነገር አነሳሁላቸው፤ ሐሳቤ ትንሽ እንዲያዝኑልኝ ነበር። አላዘኑልኝም። «ምነው እኔም በደገምኩት» አሉ። ለካ በዛብህ የሚሞትበትን ቀን አልሰሙትም፤ የሬዲዮኑ ባትሪ አልቆ። ወንድማቸው ጋሼ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጠው ስለነበር ወዲያው ደነገጡ። «አልቆ አይደለም፣ ፀሐይ ላይ አስጥተሽው ረስተሽው ነው» አሉ። «ማን? እኔ? ለእጅ ባትሪህ አውጥተህ ወስደኸው ነው እንጂ! ያን ማታ የት እንደነበርክ ልናገር?» ጋሼ ቡናቸውን አስቀመጡ። እማማ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፉት። ነገሩ ከባትሪው አልፎ ሬዲዮኑ ፊሊፕስ ነው ናሽናል ነው ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ማን ገዛው፤ ከዚያ የእናታቸው ውርስ። መሐል ላይ ሁለቱም ወደኔ ዞረው «አንተ ፍረደን» አሉ። ያኔ እኮ አልተወለድኩም ብላቸው ጋሼ ተቆጡ፤ «ባትወለድስ? አንባቢ ነኝ ትል የለም?»