አያ ጅቦና ያመለጡት ዱባዎች

ጉና ተራራ ግርጌ፣ እስቴ ውስጥ፣ አያ ጅቦ ኩሬ ቆፍሮ ዱባ ያረባ ነበር። ከጓሮ የሚለቀመውን ዱባ አይደለም፤ ድሮ ከውጭ መጥቶ አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ የተለቀቀውን፣ ካርፕ የሚባለውን ሆዳም ዓሣ ነው። ጠዋት ጠዋት ፉርሽካ በእፍኙ ሲበትን፣ ዱባዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው «ጧ፣ ጧ» እያደረጉ ይቀበሉታል። ሲደልቡ መካነ ኢየሱስ ገበያ ወስዶ ይሸጣቸዋል።

አምና ዓሣ አጥማጇ ወፍ አንዱን ላፍ አድርጋ ስትበር አያት። ከሰሳት። «የውሃ ዓሣ ባለቤት አለው እንዴ?» ብትል፣ «ፉርሽካዬን የበላ ሁሉ የኔ ነው» አላት። አምስት ጠገራ ተቀጣች።

ዘንድሮ በሐምሌ የጉና ጎርፍ ኩሬውን ጥሶ ዱባዎቹን ጉማራ ወንዝ ከተታቸው። ነጭ ዓሣ ደግሞ በክረምት ከጣና ተነሥታ፣ ፎገራን አቋርጣ፣ ጉማራን ሽቅብ የምትወጣበት ወቅት ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው፤ ደለል ከለበሰው ይታፈናል። ዱባ መብሉን የሚፈልገው ጭቃ እያመሰ ነው። ክፋት የለበትም፣ አፉ የተሠራው ለዚያ ነው። ብቻ ጠጠሩ በሳምንት ውስጥ ጭቃ ለበሰ።

(የተረት ነገር ብላችሁ አትለፉት። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ የሚባለው ሐይቅ የራሱ ብቻ የሆኑ ዓሣዎች ነበሩት። ከሌላ ውሃ የመጡ ዓሣዎችና ልክ ያጣ ማስገር ተደራርበውባቸው፣ 15ቱ ዘራቸው እንደጠፋ እ.ኤ.አ. በ2020 ተነገረ። ሌላ የትም የማይገኙት የጣና ነጭ ዓሣ ዓይነቶችም ከአሥር በላይ ናቸው።)

ነጭ ዓሣ አያ ጅቦን ከሰሰችው። ለዳኝነት ከስማዳ አባ ጭላዳ ተጠሩ። ሣር እንጂ ዓሣ አይበሉም፤ የአገራቸውም ውሃ ወደ በሽሎ እንጂ ወደ ጣና አይወርድ። ከዚህ የተሻለ ገለልተኛ ከየት ይመጣል?

«አያ ጅቦ፣ ዱባው የማን ነው?»

«ኩሬ ውስጥ ሳለ የኔ ነበር። ከኩሬው ከወጣ ወዲያ የእግዜር ነው።»

ወፏ ከዋንዛው ላይ ዱብ አለች። «አምና ፉርሽካዬን የበላ ሁሉ የኔ ነው ብለህ አይደል ያስቀጣኸኝ? ጎርፉ ፉርሽካውን ከሆዳቸው አጠበው?»

ከላይ ጋይንት የመጣው ታዳሚ በሳቅ ፈረሰ። ነጭ ዓሣ አልሳቀችም። «ከርሞ ጣና ላይ መረብ ጥለው ባዶውን የሚስቡትስ ማንን ይክሰሱ?» አለች።

ጅቦ ጠበቃዬ ታሞብኛል አለ። አባ ጭላዳ ደረታቸውን አከክ አከክ አድርገው ለኅዳር 12 ቀጠሩ።

«አባቴ፣ በኅዳር እኮ ወንዙ ይጎድላል» አለች ነጭ ዓሣ፣ ሆዷ በእንቁላል እንደተወጠረ። «እኔም እዚህ የለሁም።»

«የተቀጠረ ተቀጥሯል፤ ቀጣይ!»

ከታች ጋይንት የመጡ አንድ ቀበሮና ሦስት በጎች ገቡ።