የሞተ ሞተር አያጨስም!

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ አጠገብ ገራዶ ላይ አልነሳ ያለ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ ብርድና ምክር። ብርዱን ጋቢ ይመልሰዋል። ምክሩ ግን ባትሪ ጨርሶ፣ ሞተሪኖ አቃጥሎ፣ ኪስ አራግፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለመካሪዎቻችን መልስ ይዤ መጥቻለሁ።

«ሞተሩ ሞቷል፣ አታድክመው!»

የሞተ አያጨስም! ያ ከጭስ ማውጫው የሚግተለተለው ነጭ ጭስ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው። ናፍጣው ደርሷል፣ ሞተሪኖው ያዞራል፣ የጠፋው ሙቀት ነው። የናፍጣ ሞተር የቤንዚኑ ዓይነት ብልጭታ የለውም፤ አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል አምቆ ያግለውና ናፍጣው በዚያ ግለት ይነድዳል። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ብረት ግለቱን ይነጥቀዋል። ማሞቂያ ካንዴላ ለዚህ ነው የተተከለው፤ ቁልፍ ሲከፈት ጫፉ በጥቂት ሰከንድ ከ800 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

«ኮምቦልቻ ሲያድር እኮ በአንድ ቁልፍ ነው የሚነሳው!»

ኮምቦልቻ ገመናውን ሸፍናለት ነዋ! እሷ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትገባ 2,500 ገደማ ትደርሳለህ። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ያንሳል። ገራዶ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ማዶ ያለ ሜዳ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እዚያው ይተኛል። ወይና ደጋ የደበቀውን ድካም ደጋ ያወጣዋል።

«ቁልቁለት ላይ አቁመው፣ ተንደርድሮ ይነሳል።»

ሲነሳ ጥሩ! ባይነሳስ? ሞተሩ ካልዞረ ፍሬኑን የሚያግዘው ነገር የለም፤ መሪውም ይከብዳል። በደሴ ቁልቁለት ላይ ይህን የሚሞክር ሰው ከታች ልጆች ትምህርት ቤት እየሄዱ መሆኑን ያስብ።

አንድ አዛውንት ደግሞ በደግነት፣ «ልጄ፣ ጨርቅ ናፍጣ ነክረህ አየር ማስገቢያው አፍ ላይ አንድድለት፤ እኛ እንዲያ ነበር የምናስነሳው» ይላሉ። አባባ፣ እርስዎ ያስነሱት የነበረው የጭነት መኪና ማጣሪያው ዘይት የተሞላ የብረት ቆርቆሮ ነበር። የዛሬው ወረቀትና ፕላስቲክ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ እሱ ይነድዳል። በጣሳ የሚሸጠውን ኤተር ንፋበት የሚሉትም አሉ። የጋለ ካንዴላ ባለበት ሞተር ላይ ኤተር መንፋት ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስተን መስበር ነው። ይህን እንኳ ለጠላቴም አልመክር።

«መብራቷ በርታ ጠፍታለች እኮ! ካንዴላው ደህና ነው።»

ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ጥምዝምዝ መብራት በብዙ አሮጌ መኪና ሰዓት ቆጣሪ ናት፤ ምስክር አይደለችም! በባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አራቱም ካንዴላ ተቃጥሎ እሷ በሰዓቷ በርታ በሰዓቷ ትጠፋለች።

«አራቱንም ቀይረው ተገላገል።» ይህ የመለዋወጫ ሻጩ ነው።

አንዱ ሞቶ ለአራት ቀብር ልክፈል? መጀመሪያ ሬሳው ይታይ! አራቱም እኩል ያረጁ ከሆኑ አንድ ላይ መቀየር ክፋት የለውም፤ ግን ተለክቶ እንጂ ተገምቶ አይደለም።

«እሺ፣ ጋራዥ ሳልሄድ በምን አውቃለሁ?»

አብሽር! ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ቴስተር ካለህ ግቢህ ውስጥ ታውቀዋለህ።

ኮፈኑን ክፈት። በሲሊንደሮቹ አናት አጠገብ ካንዴላዎቹን የምታያይዝ ቀጭን የብረት ዘንግ አለች፤ ዋናው ሽቦ እሷ ላይ ነው የሚታሰረው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ ቀዩን ዘንጓ ላይ፣ ጥቁሩን የሞተሩ ብረት ላይ አስነካ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ይክፈትልህ። የባትሪው ቮልት እዚያ ከደረሰ መንገዱ ሰላም ነው። ምንም ካልመጣ ካንዴላዎቹን አትክሰስ፤ ፊውዝና ሪሌ ፈልግ። ስንቱ ነው አዲስ ካንዴላ አስገብቶ የተቃጠለውን ፊውዝ ሳያይ ያለቀሰው!

ኤሌክትሪኩ ከደረሰ ቁልፉን ዝጋ፣ ዳዶዎቹን ፍታ፣ ዘንጓን አውጣት። ይህችን ማውጣት የሚታክተው ብዙ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን እዚህ ነው። ዘንጓ እንዳለች ከለካህ የምትለካው አራቱን ባንድ ላይ ነው፤ ደህናዎቹ የሞተውን ይሸፍኑታል። አሁን ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎቹን እርስ በርስ አነካካ፤ የሚያሳየው ቁጥር የሽቦው የራሱ ነው፣ ኋላ ቀንሰው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ካንዴላው ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ። የቀዘቀዘ ደህና ካንዴላ ባብዛኛው ከ0.5 እስከ 2 ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። አንዱ ከሦስቱ ወንድሞቹ በጣም ከራቀም ተጠርጣሪ ነው።

«ቴስተር የለኝም!»

የ12 ቮልት አምፖልና ሽቦ አታጣም! የአምፖሉን አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ጋር አገናኝ። በራ፣ መስመሩ አልተበጠሰም። አልበራ፣ ሞቷል።

«ለምን ነቅዬ ባትሪ ላይ አስነክቼ ሲቀላ አላየውም?»

አንገቱ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብበሃል? 11 የተጻፈበት አለ፣ 6 የተጻፈበትም አለ፤ ስድስቱን አሥራ ሁለት ላይ ስትሰካው በዓይንህ ፊት ይቃጠላል። አይሱዙ ኤንፒአር ያለው ደግሞ 24 ቮልት መሆኑን ያስታውስ። ለመንቀልም ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ የዛገ ማላቀቂያ ዘይት ጠጥቶ፣ በቀስታ ነው። በጉልበት የዞረ ካንዴላ ቴስታታ ውስጥ ይሰበራል፤ ያኔ የካንዴላ ዋጋ ይቀርና የቴስታታ ማውረጃ ይመጣል።

«ይህን ሁሉ ከምትለፋ ሽጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ!»

የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ ስለዚህ ያለው እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ነው። ልጅ ትምህርት ቤት፣ ምጥ የያዛት ሐኪም ቤት፣ ሽንኩርት ደሴ ሸዋ በር የሚደርሰው ነገም በዚሁ ናፍጣ ነው። የያዙትን ማወቅ ውለታ እንጂ ልፋት አይደለም።

«አራቱም ደህና ከሆኑስ?»

እሰየው! እንግዲያ ካንዴላውን ተውና የሞተሪኖውን አዟዟር ስማ፤ ከዘገየ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ራስ ዝጓል። በደንብ እያዞረ ካልተነሳ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ደጋግመህ ጫን። ከዚያ በአንዴ ከተነሳ ሌሊቱን በናፍጣ መስመሩ አየር ሲገባ አድሯል፤ ላስቲኮቹን ተከትለህ የረጠበውን መገጣጠሚያ ፈልግ።