ነሐሴ፣ ልጆችና አንድ ምስኪን አስተባባሪ

ፈረንጅ ትምህርት ሲዘጋ ልጁን ሐይቅ ዳር ወስዶ ከትናንት ወዲያ ጢም ላበቀለ ጎረምሳ ማስረከብ ከጀመረ ቆይቷል። ኮኔቲከት በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ፍሬድሪክ ገን የተባለ የትምህርት ቤት ኃላፊ ተማሪዎቹን አሰልፎ ድንኳን ያስተከለው በ1861 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1885 ደግሞ እኛ ወወክማ የምንለው ማኅበር እዚያው አሜሪካ ካምፕ ዱድሊን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አቅም ያለው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የየራሱን ከፈተ። የጎረምሳው አስተባባሪ ሥራ በወረቀት ላይ ሲታይ ያስፈራል፤ የልጆችን መንፈሳዊ ሕይወት ይመራል ተብሎ ተጽፎለታል። ውሎውን ላየው ግን ሲነጋ ልጅ ይቆጥራል፣ ረፋድ ላይ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ ይፈልጋል፣ ከሰዓት በኋላ የተቧቀሱትን ያስታርቃል፣ ሲመሽ እናቱ የናፈቀችውን ያባብላል፣ ከዚያ እንደገና ይቆጥራል። “ምስኪን፣ ሊሰብክ መጥቶ ሞግዚት ሆኖ ቀረ” እያሉ የሚያዝኑለት አሉ። እኔ ደግሞ ዋናው ሥራው ይኸው ነው ባይ ነኝ። ስብከቱ ቢጎድል ካምፑ አይፈርስም፤ ጫማ ፈላጊው ቢጎድል ግን በሁለተኛው ቀን ይበተናል።

እስቲ ይህንን ካምፕ ነቅለን ከሊማሊሞ ግርጌ፣ አዲ አርቃይ እንትከለው። በመጀመሪያ ነገር ለእነሱ የዋናና የፀሐይ ወራት የሆነው ለእኛ ክረምት ነው። ልጆቹ ከዳባትና ከደባርቅ የሚመጡ ከሆነ ሊማሊሞን መውረድ አለባቸው፤ ጣሊያን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ ጉም ውስጥ ሲጠማዘዝ መዝሙሩ የሚዘልቀው እስከ ሦስተኛው ኩርባ ቢሆን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ዘማሪ ሳይሆን ፌስታል ነው። ፌስታሉን ይዞ ከመቀመጫ መቀመጫ የሚሮጠው፣ የአንዱን ግንባር ደግፎ ሌላውን “አይዞህ፣ ደረስን” ብሎ የሚዋሸው አስተባባሪው ነው። (ይህቺን ውሸት የንስሓ አባትም አጥብቀው የሚይዟት አይመስለኝም።) ቆላው ሲደረስ የፈረንጁ መርሐ ግብር አንድ በአንድ ይሰረዛል። ዋና? ዛሪማ በነሐሴ ሲሞላ ልጅ ቀርቶ በቅሎም ያሰጋል። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ? ፍልሰታ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ የሰባት ዓመቱም ልጅ ከታላቆቼ እኩል ካልጾምኩ ብሎ ያለቅሳል። ሽርሽር ወደ ሳንቃበር? የስሜን ተራሮች ፓርክ ጎብኚን የሚያሰማራው ጠመንጃ ከያዘ ስካውት ጋር ነው፤ በዚያ ላይ ጉም ውስጥ ልጅ የሚቆጥር ሰው ጭላዳ ቀላቅሎ እንዳይመለስ ያሰጋል። የሚተርፈው የእሳት ዳር ምሽት ብቻ ነው፣ እሱንም ቡሄ ከነችቦው፣ ከነጅራፉና ከነሙልሙሉ ራሱ ይዞት ይመጣል። የገጠሩ ልጅ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ለእሱ ክረምት ማለት አረምና ከብት ጥበቃ ነው፤ ካምፑ ልጁን የሚለምነው ከአባቱ ማሳ ላይ ነው። አባትየውም ምን ትምህርት ትሰጣላችሁ አይልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ “ማን ነው የሚይዝልኝ?”

ጥያቄው በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ጎንደርና ስሜን ልጅን ከቤቱ አውጥቶ፣ ደበሎ አልብሶና አኩፋዳ አስይዞ ወደ አብነት ትምህርት ቤት መስደድን ለዘመናት ኖረውበታል። የኔታ ሊቅ ናቸው፣ ይፈራሉ፣ ይከበራሉ። ልጁን አውሎ የሚያሳድረው ግን ታላቁ ተማሪ ነው። በቅኔ ቤት አስነጋሪው ከየኔታ የወረደውን ለታናናሾቹ መልሶ መላልሶ ያስይዛል፤ ይህ የቀለሙ ነው። ከቀለሙ ውጪ ደግሞ የትኛው ደጅ ውሻ ክፉ እንደሆነ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲባል ድምፅ እስከ የት እንደሚነሣ፣ ደርቆ የመጣ ቁራሽ በምን እንደሚርስ የሚያሳየው ማነው? ያው ትናንት እሱም በዚያው ውሻ የተነከሰው ልጅ ነው። ዳዊት ደግሞ የወጣን ሕፃን እዚያ ያቆየው የመምህሩ ዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎጆዋ ባፈሰሰች በመጀመሪያው ሌሊት ወደ እናቱ በሮጠ ነበር።

የቅርብ ጊዜ ማስረጃም አለ። አቡነ ጎርጎርዮስ ዝዋይ ላይ ባቋቋሙት ማሠልጠኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር፤ ያ የታሰበበት ካምፕ ነው። ያልታሰበበት ብላቴ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ አወረዳቸው። ሃይማኖትን ኋላ ቀርነት ሲል የኖረ መንግሥት በራሱ መኪና አጓጉዞ፣ በራሱ ቀለብ አብልቶ የክርስቲያን ወጣቶች ጉባኤ አዘጋጀ እንደማለት ነው፤ ልጆቹ ከሥልጠናው በተረፈቻቸው ሰዓት ለጸሎት ተሰባሰቡ፣ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም ብላቴን ከመነሻዎቹ አንዱ አድርጎ ያነሣዋል። ያንን ውጤት ያቀደው ሰው የለም። አሰልጣኙ ሰልፍ እንጂ ውዳሴ ማርያም አላስተማረም። አብሮ መሮጥ፣ አብሮ አቧራ መቃም፣ ከአንድ ድስት መብላት ነበረ፤ የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው እርስ በርስ ተያያዙት።

“ታዲያ ልጅን እያስራብን እናስተምር ነው የምትለው?” የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። የአብነት ትምህርት ቤቱ ረሃብና ዕከክ እንደ ቅርስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ አለንጋውም እንደዚያው። ልዩነቱ ችግሩን የሚካፈለውና ችግሩን የሚያዘው ሰው ላይ ነው፤ አለንጋ ያዡ ራሱ አይገረፍም። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የሚያነሡት ክርክር ግን ከዚህ ይከብዳል። እነሱም በየቤተ ክርስቲያናቸው ለልጆች ካምፕ ያዘጋጃሉ፤ ልጁ የማይስማማው ምግብ በቅጽ ይሞላል፣ የአስተባባሪው ጀርባ ይጠናል፣ አንድ ጎልማሳ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሆን ይከለከላል። እኛ ይህንን “የፈረንጅ ጥርጣሬ” ብለን መሳቅ ይቀናናል። ሳቁን አቁመን ሕጉን ብንወስድ ይሻላል። እኔ ያወደስኩት ቅርበት ራሱ፣ ተመልካች ከሌለው፣ ለልጅ አደገኛ ነው፤ “የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው” የሚለው ምስክርነትም ማጣሪያ አይሆንም። አብሮ መብላቱም ማደሩም ሰው በሚያይበት ይሁን። አስተባባሪውም ለክረምት እረፍት የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢሆን ደግ ነው፤ ከልጆቹ ብዙ አይርቅም፣ እናትና አባቱም በሰፈሩ ይታወቃሉ። መመሪያ መጽሐፉ ዘግይቶ ይድረሰው፤ ቦቲ ጫማው ግን አስቀድሞ ይገዛለት።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሰባኪያኑ ወገን ነው፤ ጫማማ የቦይ ስካውት አለቃም ይፈልጋል፣ ታዲያ የእኛ ካምፕ ክርስቲያናዊነቱ ምኑ ላይ ነው ይላሉ። ፍልሰታ ላይ ነዋ! የስካውት አለቃው ከልጆቹ ጋር ቁርስ ይበላል፣ የእኛ ሰው ከልጆቹ ጋር ቁርስ አይበላም። ስለ ጾም አንድ ሰዓት ሙሉ መናገር ለማንም ይቻላል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ሆዱ እየጮኸ ያኮረፈ ልጅን ሳይቆጣ ጫማውን ማሰር ግን ራሱን የቻለ ስብከት ነው፣ ልጆችም የሚያስታውሱት ይህንኛውን ነው። እንደ ልጆች የጠበቀ ተቆጣጣሪም የለም። ከአዲ አርቃይ ማዶ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩት የዋልድባ አባቶች ናቸው፤ በእነሱ ጉርብትና ረፋድ ላይ ከድንኳን ጀርባ ብስኩት የሚከፍት አስተባባሪ መቼም አይጠፋም። የብስኩቱን ወረቀት ድምፅ የሚሰማ የስምንት ዓመት ልጅም እንዲሁ አይጠፋም። ልጁ ለኃላፊው አይናገርም፣ አይታዘብምም። ግማሹን ይጠይቃል።