መብራት ሄደ፣ ሥራችንም አብሮት ሄደ

ሥራው የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «አይዞህ» አይደለም። «ሴቭ አላደረግከውም ነበር እንዴ?» የሚል ጥያቄ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ጽሕፈት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከአማካሪ መምህር አፍ ሰምቼዋለሁ። ጠያቂው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ግን ሰውየው ገና ከድንጋጤው ሳይመለስ ጥፋቱን ጠቅልሎ ያሸክመዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው። መብራቱ ያለማስጠንቀቂያ ሲሄድ፣ ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ሲከርም፣ ጥገና ቤቱ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሁሉን ነገር ሲያጠፋ ማንም ምንም አይልም። መጨረሻ ላይ ተጠያቂው ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠው ሰው ብቻ ይሆናል። ይህ ነገር አንገሽግሾኛል።

የምተዳደረው የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድርጅት ሪፖርት፣ የመጽሐፍ ረቂቅ በእጄ ያልፋል፤ የጠፋውም ወሬው ወደ እኔ ሳይደርስ አይቀርም። በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ደዋዩ ሰላምታውን ሳይጨርስ ድምፁ ይነግረኛል።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሮቹ በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ከአንድ ዲቫይደር ነው የሚስቡት፤ ዲቫይደሩም በሌላ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ማስረከቢያው የደረሰበት አንድ ተማሪ ከጸሐፊዋ ጎን ተቀምጦ የአማካሪውን እርማት ከወረቀት ላይ እያነበበላት ታስገባለች። በመካከል መብራት ሄደ። የማሽኖቹ ማራገቢያ ዝም ሲል ነው ቤቱ ምን ያህል ሲጮህ እንደነበር የታወቀው። ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ተማሪው ግን ጥቁሩን ስክሪን ማየቱን አላቆመም። «ይመጣል፣ ይመጣል» አለችው። እውነትም መጣ፤ ዊንዶውሱ ተከፍቶ ሳያልቅ ተመልሶ ሄደ። በመጨረሻ ረግቶ ሲመጣ ፋይሉ ስሙም መጠኑም እንደነበረ ነው፤ ሲከፈት ግን ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል መልእክት ብቻ። በሌላ ፕሮግራም ሞከሩት፤ ባዶ ገጽ ሆነ። ልጅቷ በየመሐሉ ሴቭ ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ነው «ሴቭ አላደረግከውም ወይ?» ባዮች የማይረዱት። የምንጽፈው ነገር መጀመሪያ የሚቀመጠው ራም ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምንም አይዝም። ወርድ ለክፉ ቀን የሚይዘውን ቅጂ፣ ሰው ካልቀየረው በቀር፣ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ያናድዳል እንጂ ይጻፋል። የከፋው መብራቱ የሄደው ማሽኑ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ባለበት ቅጽበት ከሆነ ነው። ያኔ አሮጌው በከፊል ተነክቷል፣ አዲሱም ገና አላለቀም፤ ሁለቱም የሉም። ሴቭ ማድረጉ ራሱ መጥፊያው ይሆናል ማለት ነው። ሲመለስ ደግሞ በ220 ቮልት ረግቶ አይመጣም፤ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ክፍሉን ሽታው ሲሞላው ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ካለ ዕድለኛ ነው።

በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ከባድ ጊዜ ነበር፤ ዳቦ ቤቱም ወፍጮ ቤቱም ተቸግሯል። ነገር ግን በጽሑፍ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ፈረቃችንን አውቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ማሽኑን እንዘጋ ነበር። ሥራ የሚያጠፋው የመብራት አለመኖር ሳይሆን ድንገቴነቱ ነው። ለጥገና ሊቋረጥ ሲል ለሰፈሩ ሰው በአጭር መልእክት ቢነገር ስንት ጽሑፍ በዳነ!

መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የተሠራው ለዚህ ድንገቴነት ነበር። ብዙ ቢሮ ኮምፒውተር ሲገዛ አብሮ ይገዛል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ውስጡ ያለው የሊድ ባትሪ በደህናው አገር ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው፤ በቀን ሁለት ሦስቴ መብራት በሚሄድበት ቦታ ያን ያህልም አይዘልቅም። ባትሪው ሲደክም ጲጵ ጲጵ ማለት ይጀምራል። ድምፁ ሲያስቸግር አንዱ ይነሳና ይነቅለዋል፤ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካል፤ ዩፒኤሱ የእግር ማሳረፊያ ይሆናል። ባትሪ ይለወጥልን ተብሎ ሲጠየቅ አላቂ ዕቃ ነው ወይስ ቋሚ ንብረት ነው የሚለው ክርክር ይነሳል፤ ማመልከቻው ከንብረት ክፍል ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ ፋይናንስ ሲመላለስ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ያ ባትሪ የሚገዛበት ገንዘብ አንድ የጠፋ ዓመታዊ ሪፖርት እንደገና ሲሠራ ከሚከፈለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይበልጥም።

ፍላሽ ላይ ያስቀመጠ ሰውስ? ጽሕፈት ቤት ሰክቶት ሲወጣ በቫይረስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛቸዋል። ይኼኛው እንኳ መድኃኒት አለው፤ ፋይሎቹ ተደበቁ እንጂ አልጠፉም። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ደንግጦ ፍላሹን ራሱ ፎርማት ያደርገዋል።

ፎርማት! ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በእኛ አገር ኮምፒውተር ምንም ይታመም ምን መድኃኒቱ አንድ ነው። ዘገየ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባበት፣ ፎርማት። አልከፈትም አለ፣ ፎርማት። «ነገ ና ውሰደው» ይባላል፤ በማግሥቱ ማሽኑ እንደ አዲስ ፈጥኖ ይከፈታል፤ ባለቤቱ ደስ እያለው ቤቱ ገብቶ ሲያይ የሦስት ዓመት ሥራው የለም። ተመልሶ ሲጠይቅ «ሲ ላይ ያለው ነው የጠፋው፤ ዲ ላይ ያለውን አልነካነውም» ይሉታል። ሰው ፋይሉን የሚያስቀምጠው የት ነው? ዴስክቶፕ ላይ። ዴስክቶፑ ያለው የት ነው? ሲ ላይ። ይህን ቴክኒሻኑ ያውቃል፤ ደንበኛው አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ነው መጠየቅ የነበረበት።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ያኔም ቢሆን ሊተርፍ ይችል ነበር። በፍጥነት የሚደረግ ፎርማት የተለመደው ሀርድ ዲስክ ላይ ጽሑፉን አይፍቀውም፤ የሚያጠፋው የት እንዳለ የሚያመለክተውን ማውጫ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ተቃጥሎ መጻሕፍቱ መደርደሪያው ላይ እንደቀሩ ቁጠሩት። ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በማዳኛ ፕሮግራም ይገኛል። ግን ያው እጅ ፎርማት ባደረገበት ቅጽበት ዊንዶውስ ይጭንበታል፤ ኦፊስ ይጭንበታል፤ ደንበኛው እንዲደሰት ደግሞ ፊልምና ዘፈን ይሞላለታል። ያኔ ፋይሉ በእርግጥ ይሞታል። አሁን አሁን በየላፕቶፑ ያለው ኤስኤስዲ ላይ ደግሞ የተሰረዘውን ቦታ ዲስኩ ራሱ ስለሚያጸዳው የማዳኑ ተስፋ በጣም ያነሰ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚያስተምር አንድ የታሪክ መምህር አውቃለሁ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የርስት ክርክር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ ድምፃቸውን ይቀዳ ነበር። በገዛ ደመወዙ፣ በእረፍት ጊዜው። ድምፁንም፣ ወደ ጽሑፍ የገለበጠውንም አንድ ላፕቶፕ ላይ አኑሮት ነበር፤ ሌላ ማሽን አልነበረውም። አንድ ቀን ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ያገኘው ሰው ሁሉ «አጥፍተህ አብራው፣ ይነሳል» አለው። እሱም አጠፋ፣ አበራ። በደቂቃ 5,400 ጊዜ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ የተበላሸው ማንበቢያ ባረፈ ቁጥር ገጹን እየፋቀው እንደሆነ፣ ያ ድምፅ ሲሰማ ማሽኑ ወዲያው መጥፋትና ሁለተኛ አለመብራት እንዳለበት የነገረው አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ከዚያ በፊት አርፈዋል። እሱ በደረሰበት ላይ «እንደገና ሄደህ ጠይቃቸው» ያለው ሰው እንዳለ ሲነግረኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። እነዚያ አባቶች የተናገሩት ነገር በሌላ በማንም ዘንድ የለም። ያ ሁሉ ድካም ውኃ በላው፤ የጎደለውም የአንድ መምህር ሥራ ብቻ አልነበረም።

«ኢንተርኔት ላይ አታስቀምጡትም?» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ጉግል 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ለጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ድምፅና ቪዲዮ ሲጨመርበት ግን ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ለመክፈል በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱ በየትኛው መምህር ኪስ አለ? ወርድም በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ ሴቭ የሚያደርገው ፋይሉ የማይክሮሶፍት ማከማቻ ላይ ሲሆንና ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ሲቀር ነው። መብራቱ ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። የተሠራልን መከላከያ ሁሉ መብራትና ኔትወርክ ለማይጠፋበት አገር የታሰበ ነው።

ከአሮጌ ፍላሽ ቅጂ ተገኘ ተብሎ ደስ ሲለን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ፊደሉ ያልተጫነበት ማሽን ላይ የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። የኢትዮጵያ ፊደል ማሽኖች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ስንት መሥሪያ ቤት ከዚያም በኋላ ለዓመታት በአሮጌው ሲጽፍ ኖረ። ፋይሉ አለ፤ አይነበብም።

በሀብትና በቴክኖሎጂ የተሻለ ያለውም አልዳነም። በመስከረም 2018 ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲያያዝ የመንግሥት ሠራተኞች ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት ማከማቻ ነደደ፤ በሌላ ቦታ የተያዘ ቅጂ አልነበረውም። ሠራተኞቹ እዚያ ያስቀመጡት አስቀምጡ ተብለው ነው። ታዲያ እነሱንም «ሴቭ አላደረጋችሁም?» ልንላቸው ነው?

ስለዚህ ጥያቄው ወደሚገባው ሰው ይዙር። ቴክኒሻኖች፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ባለቤቱን አስቀምጣችሁ ዴስክቶፑንና ዶክመንቱን ከፍታችሁ አሳዩት፤ ወደ ሌላ ዲስክ ሳትገለብጡለት አትንኩት። የንብረትና የግዥ ኃላፊዎች፣ የዩፒኤስ ባትሪ ሳትጠየቁ በየጊዜው የሚለወጥ ዕቃ አድርጋችሁ በዕቅዳችሁ ያዙት። ዩኒቨርሲቲዎች፣ በመስክ የተቀዳ ድምፅና መጠይቅ ተማሪው ወይም መምህሩ ከመስክ እንደተመለሰ ቅጂው ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ አድርጉ። አማካሪ መምህራንም ተማሪዎቻችሁ እያንዳንዱን ምዕራፍ እንደጨረሱ በኢሜይል ይላኩላችሁ፤ የላኩላችሁንም እስኪመረቁ ድረስ አታጥፉባቸው።