ቤት ለሞተር

እናቴ ያሳደገችኝ ሁለት ወንድም ብቻ እንዳለኝ እየነገረችኝ ነው። አንድ አሮጌ ያማሃ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐዋሳ እስከ ወንዶ ገነት ደርሼ መመለስ ከጀመርኩ ወዲህ ግን እናቴ ብዙ እንደደበቀችኝ ገባኝ። ሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ወንድሜ ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከሞያሌ ይመጣል፣ ሲብስም ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን የሚወርድ ይመጣል። ሁሉም ሄልሜቱን ሳያወልቅ ያቅፈኛል። ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ “ወንድሜ፣ አንድ ሌሊት ብቻ።”

ዝምድናው የተጀመረው ሻሸመኔ፣ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማዬን ሳስለጥፍ አንዱ ካላማዳሪውን አንጠልጥሎ አጠገቤ ቆመ። ስለ ጎማ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን። ስንለያይ፣ መቼስ አፌ አያርፍ፣ “ሐዋሳ ከመጣህ ደውል” አልኩት። እኛ አገር ይህ አባባል “ደህና ሁን” ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሰውየው ግን የምሩን ያዘው። በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ደወለ፤ የደወለው በራችን ላይ ቆሞ ነው። ሲሄድ ደግሞ ስልኬን ለወንድሞቹ አደለ፤ ለወንድሞቼ ማለቴ ነው።

እኔ ይህን ልማድ ላወድስ ነው የተነሳሁት። ምን ይወጣለታል? አባቶቻችን የመሸበትን መንገደኛ “የእግዜር እንግዳ” ብለው፣ “ቤት ለእንግዳ” ብለው፣ እግሩን አጥበው፣ መደባቸውን ለቀው ያሳድሩት አልነበር? ያኔ በየከተማው አልጋ የሚያከራይ አልነበረም የሚለኝ ነገረኛ ይኖራል። አልሰማውም። የድሮው እንግዳ በእግሩ መጣ፣ የዛሬው በ650 ሲሲ መጣ፤ ሌላ ልዩነት የለም። እርግጥ የድሮው እንግዳ በቅሎዬን ሳሎን አስገቡልኝ አይልም ነበር።

ሞተሩ የሚያድረው ሳሎን ነው። ውጭ ካደረ ይሰረቃል፣ በረንዳ ላይ ካደረ ጤዛ ይመታዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሶፋው ይወጣል። ቀጥሎ ረከቦቱ ይነሳል፤ ሰልባትዮው ጢም ያለ ነዳጅ ባለበት ቤት ከሰልና ዕጣን ስለማይሆን ቡናው ኩሽና ይፈላል፤ እኛም ኩሽና ቆመን አቦል እንጠጣለን። ጎማው ጭቃ ነውና ውሃ ይሞቃል። አያቴ የእንግዳ እግር ስታጥብ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ለቸርኬ ውሃ ስታሞቅ ግን ትዝ አይለኝም። ሌሊት ብርድ ከነካው ጠዋት አልነሳም ይላል ስለተባለ አዲሱ ጋቢ ለሞተሩ ተሰጠ። ልጆቹ መሬት ተነጥፎላቸው ተኙ። ጎረቤቶቻችን “እንኳን ደህና ገባ” ብለው መጡ፤ ማን እንደሆነ ግን አልገለጹም። ትንሹ ልጄ ማርሚታውን እየዳበሰ “አጎቴ” ማለት ጀምሯል።

ነገሩ እዚህ ከደረሰ ደግሞ ደንብ ይውጣለት እላለሁ። ሞተረኛው ወንድሜ ከሆነ ሞተሩ ምኔ ነው? ጥያቄውን ለዕድራችን ላቀርበው ነው። ዕድር ለእናትና ለአባት የሚከፍለው ሌላ፣ ለወንድም ሌላ፣ ለሩቅ ዘመድ ሌላ ነው፤ እንግዲህ የሞተሩ እርከን ይታወቅ። ፒስተኑ ነክሶ ሳሎኔ ውስጥ ቢሞትብኝ ድንኳን ይተከላል ወይስ አይተከልም? ከተተከለ ጥሩንባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ “የአቶ እከሌ ወንድም ሞተር ስላረፈ፣ ቀብር 9 ሰዓት፣ ያልተገኘ ይቀጣል” ብሎ ይለፍፋል። ንፍሮ ይቀቀላል። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ የወጣህ፣ ለነዳጅ ሰልፍ ያልተረታህ እያለች አልቃሿ ትደረድራለች። ውሃ ስታሞቅለት የከረመችው ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጣለች። ሠልስት ይወጣል። በአርባው ወራሾች ይሰበሰባሉ፤ ካንዴላው ለበኩሩ፣ ባትሪው ለታናሹ ይሰጥና ማርሚታው ላይ ስምምነት ይጠፋል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሽማግሌው አይሰማም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይገባል። ዳኛው የሟች የቅርብ ዘመድ ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ከተለያየ አገር የመጡ ሃያ ሰዎች፣ ሄልሜታቸውን እንዳጠለቁ፣ “እኔ ነኝ፣ ወንድሙ ነኝ” እያሉ ይነሳሉ። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። እነሱ የሚያድሩት ደግሞ እኔ ቤት ነው።

የእንግዳዬ ካልሲ ዲሽ ላይ ስለመሰጣቱ አላወራም። በአንድ ገላ መታጠብ ስላለቀው በርሜል ውሃም እንዲሁ። ያለን አንድ ደህና ሶኬት በስልኩ፣ በካሜራውና በሄልሜቱ መናገሪያ ስለመያዙም ዝም እላለሁ።

ታሪክ የሚጠቅስልኝም አለ። “ቼ ጉቬራ እንዲህ ነው የተጓዘው” አለኝ አንዱ፣ ሁለተኛውን እንጀራ እየቆረሰ። እውነት ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ቼ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር፣ “ብርቱዋ” ብለው በሰየሟት አሮጌ 500 ሲሲ ኖርተን ከአርጀንቲና ወደ ቺሊ ተሻግሯል። ቺሊ ውስጥ የሥጋ ደዌ ስፔሻሊስቶች ተብለው ጋዜጣ ላይ ወጡና እንግድነቱ ሰመረላቸው። ወንድሜ የማይጠቅሰው ቀሪውን ነው። ላውታሮ በምትባል ከተማ መካኒኮች ሞተሯን ሲጠግኑላቸው ሰነበቱ፤ ቼ ግን በአንድ የጭፈራ ምሽት ሞቅ ብሎት የአንዱን መካኒክ ሚስት ተተናኮለና የጭፈራው ታዳሚ እያባረረ አስወጣቸው። ብርቱዋም እዚያው ቺሊ ሞተች። በ1973 እ.ኤ.አ. በ500 ሲሲ ትራያምፍ ከለንደን ተነስቶ 4 ዓመት ዓለምን የዞረው ቴድ ሳይመንም በኢትዮጵያ አልፏል። ያን ጊዜ ቤት ስላልነበረኝ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የወንድሞቼ ቁጠባ ነው። ባለፈው ወር የመጣው የሚነዳው ሞተር ሲሸጥ የቤቴን ዕቃ ሁሉ ገዝቶ መልስ ያስተርፋል። ግራና ቀኝ፣ ከኋላም አንድ፣ በድምሩ ሦስት የአሉሚኒየም ሳጥን አለው። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በሙዝ እርሻ መሀል አልፎ ነው የመጣው። አንድ ኪሎ ሙዝ አልያዘም።

ሦስት ሌሊት አደረ። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ሦስቱንም ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ቁርስ ሠርታ ነው ሰልፍ ለመድረስ የሮጠችው። ወንድሜ በ4 ሰዓት ይነቃና “ቁርሱ ቀዝቅዟል” ይለኛል። ስሟን እስከሚሄድ ድረስ አልጠየቃትም። “እህቴ” ይበቃው ነበር። ይህ ወንድማማችነት አይደለም፤ የአልጋ ሒሳብ ላለመክፈል የሰው ሚስት በነጻ ማሠራት ነው።

የጀመርኩት ውዳሴ ነበር፣ አመለጠኝ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ያቤሎ መሽቶብኝ፣ ነዳጅ ማደያ ያገኘሁት ሞተረኛ ቤቱ ወስዶ አሳድሮኛል። ጠዋት ስነሳ ሦስት ልጆች በአንድ ፍራሽ ላይ ተጣጥፈው ተኝተው አየሁ። እኔ ተንፈላስሼ ያደርኩት አልጋቸው ላይ ነበር። ስኳርና ዳቦ ገዝቼ ተመልሼ ሰጠሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰውየው ሲሸኘኝ “ስትመለስም እዚሁ ነህ” ብሎኝ ነበር። ስመለስ በዚያች ከተማ ያለፍኩት ሳልቆም ነው።

የወንድሜ ዘይት ምንጣፉ ላይ ቀርቷል፤ በሎሚም በኦሞም አልለቀቀም። ባለቤቴ መሶቡን አስቀምጣበታለች።

ወንድሞቼ፣ ሐዋሳ የአልጋ ችግር የለባትም። ሐይቁ ዳር ውድ አለ፣ መናኸሪያው አካባቢ ርካሽ አለ። ስትገቡ “ጥበቃ ያለው ግቢ አላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ሞተር ያሳድራሉ። ከዚያ ደውሉልኝና ወጥተን ዓሣ እንብላ፤ ሒሳቡ የእኔ ነው።