አፈር በዶላር

ወይ ዘንድሮ! ወገኖቼ፣ ዕድሜ ደጉ በ78 ዓመቴ አፈር ሲሸጥ አሳየኝ። መሬት አላልኩም፤ መሬትማ ድሮም ያጋድላል። አፈር ነው የምላችሁ፤ በከረጢት የታሸገ፣ ላዩ ላይ የእንቁራሪት ሥዕል ያለበት፣ 20 ዶላር የተከፈለበት አፈር! ለጎመን ወይ ለቃሪያ ቢሆን እንኳ እሺ። ለእንሽላሊት ነው።

ያለሁት ሜሪላንድ፣ ልጄ ቤት ነው። የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ ሞፈር ተሸክሜ ስወጣ ጎህ፣ ስመለስ ጨለማ ነበር፤ እሱ ክፍሉን ዘግቶ ለእንሽላሊት ጎጆ ይቀልሳል። "እንሽላሊት አይደለም አባባ፣ ጌኮ ነው፤ አታውቅም?" ይለኛል። አንተ ነው የሚለኝ፤ አንቱታን የዚህ አገር ጉምሩክ አያሳልፍም መሰለኝ። አራት እግር አለው፣ ጅራት አለው፣ ግድግዳ ይወጣል። ሌላ ምን ልበለው?

ድሮ ሰውና እንሽላሊት ተከባብረው ነበር የሚኖሩት። እነዋሪ፣ እናቴ ቤት፣ እሱ ካቡ ላይ ፀሐዩን ይሞቃል፣ እኛ መደቡ ላይ ቁጭ ብለን ቆሏችንን እንቆረጥማለን፤ ማንም ማንንም አይነካም። እርግጥ ወደ ቤት የገባ እንደሆነ እናቴ በመጥረጊያ ጀርባ ታቀምሰው ነበር፤ ያ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሙቀት ለኩልኝ፣ ወለል ምረጡልኝ ብሎ ያስቸገረን አንድም አልነበረም።

የዚህኛው አገር ኒው ካሌዶኒያ ነው አሉ፤ ከአውስትራሊያ ወዲያ በስተምሥራቅ፣ ፈረንሳይ የምትገዛው ደሴት። አንድ የፈረንሳይ ሊቅ በፈረንጆቹ 1866 መዝግቦት፣ ኋላ ዘሩ ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ተቆርጦበት ኖሮ፣ በ1994 እንደገና ተገኘ። እኔ አንድ እሑድ ከቤተክርስቲያን ብቀር ሰው ያማኛል፤ እሱ ያን ያህል ዘመን ጠፍቶ ሲመለስ የመስታወት ቤት ተሠራለት። ከዓይኑ በላይ ሽፋሽፍት የመሰለ ጌጥ ተደርድሮለታል፤ የዓይን ቆብ ግን የለውም፤ ዓይኑን የሚያጥበው በምላሱ ነው። ጅራቱ ከወደቀም ወደቀ፣ አይመለስም። የእኛው እንሽላሊት እኮ መልሶ ያበቅላል! ምግቡ ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፤ በሶ በሉት። እኔ በሶ ስጠይቅ "አባዬ፣ ስኳርዎ ይጨምራል" የምትለኝ ልጄ ለእሱ በማንኪያ እየለካች ትበጠብጥለታለች።

ወደ አፈሩ ልመለስ። "ዶማ አምጣና ከጓሮ ልቆፍርልህ" አልኩት፤ የእግዜር አፈር ነው፣ ዋጋ የለውም። እምቢ አለ። ሣሩ ላይ የአረም መድኃኒት ተረጭቷል፣ ደግሞም ጭቃው ይጣበቃል አለኝ። ለአበባ የሚሸጠውስ? ማዳበሪያ አለበት። አሸዋስ? አሸዋ ለበረሃ ጌኮ ነው፣ ያውም ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ፤ ይኼኛው እርጥበት ይወዳል፣ ከምግብ ጋር አሸዋ ከዋጠ ደግሞ አንጀቱ ይዘጋል። እኛ ስንት ጭብጥ አፈር ቅመን ነው ያደግነው! ወስፋት ካልሆነ በቀር ምን ነካን?

የእኛ አፈርማ አፈር ነበር። የእነዋሪ ዋልካ! ዘሩን በተን አድርጎ መተኛት ነው፤ ቀሪውን እሱ ያውቃል። ክረምት ሲገባ ብቻ ውሃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ ትልቁም ትንሹም ተሰልፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ መደብ ይሠራል፣ በመደቦቹ መሃል ቦይ ያወጣል፣ ወገቡ እስኪቆረጥ። ያኔ ስንዴው እግሩ ሳይርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ያወራሁት ልጁ የአያቱን አገር እንዲያውቅ ነበር፤ እሱ ዓይኑ በርቶ "ይኼው ነው አባባ! እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው" አይለኝም መሰላችሁ! ከመስታወቱ ግርጌ 5 ሳንቲሜትር ያህል የተተኮሰ የሸክላ እንክብል፣ በላዩ ወንፊት የመሰለ መረብ፣ ከዚያ 10 ሳንቲሜትር አፈር። የተረፈው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ የተክሉ ሥር አይበሰብስም። የአባቴን መደብና ቦይ በሣጥን ከተው ነው የሚሸጡልን። እንክብሉም ቢሆን ያው ገል ነው። ስንት እንስራ ሰብሬ ተገርፌአለሁ፤ ለካ ዶላር ኖሯል የምሰብረው።

ጉዱ ደግሞ፣ አፈር የተባለው ውስጥ አፈር የለበትም። በአትላንታ የዕፅዋት ሥፍራ ስም የሚጠሩት ቅይጥ አለ፦ ሁለት እጅ የዛፍ ቅርፊት፣ ሁለት እጅ የፈርን ጭረት፣ አንድ እጅ ከሰል፣ አንድ እጅ ፒት፣ አንድ እጅ የደረቀ ሞስ። ይኼ በርበሬ ነው እንጂ አፈር ነው? ርካሽ ነው ተብሎ የመጣ የኮኮናት ቃጫም ነበር፤ ጡብ መስሎኝ የበረንዳውን በር አስደገፍኩበት፤ በማግሥቱ ዝናብ ነክቶት፣ ተነፍቶ፣ ደፉን ኩፍ እንዳለ ሊጥ ሞልቶት አገኘነው።

ልጁ ቅይጡን በግምት ሊያማስል ሲል ግን ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ጣሳ አምጥቼ ሰፈርኩለት። ከሰሉ ትልልቅ ነበር፤ እንደ ሽምብራ እስኪሆን ወቀጥኩለት። (ልጄ ሙቀጫዋን እስካሁን እየፈለገች ነው።) ከዚያ ውሃ አርከፍክፌ አንድ ጭብጥ አነሳሁ። ስጨምቀው በጣቶቼ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ አለ፤ መዳፌን ስከፍት ድቡልቡል እንዳለ ቆየ፤ በአውራ ጣቴ ስነካው ፍርስ። ልኩ ያ ነው። ልጁ ልኩን ከስልኩ ሊያነብልኝ ሲል "ዝጋው" አልኩት።

ትሉንስ ነገርኳችሁ? ትል በገንዘብ፣ ያውም በፖስታ! አንደኛው ነጭ ነው፣ ከቁንጫ የሚያንስ፣ የሚዘል፤ በኩባያ ውስጥ ከሰል ላይ ሠፍሮ መጣ፤ ሥራው ሻጋታ መብላት ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ሲገለበጥ የሚርመሰመሰው ባለ ብዙ እግሩ ነው፤ የወደቀ ቅጠልና የጌታውን ኩስ ይበላል። እኛ ቤት ሻጋታ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር፤ በክረምት እንጀራው ላይ የሚወጣውን ካልቆጠርነው።

ከሁሉ የከነከነኝን ልንገራችሁ። ለእሱ አፈር ውስጥ ከሰል ይቀበራል፤ የእኔ ቡና በኤሌክትሪክ ይፈላል። ዕጣን ቢጨስ ሳንባው ይታመማል ተብሎ ዕጣኔ ቁም ሣጥን ገብቷል። ለእኛ ቀጤማ የሚጎዘጎዘው ለዓመት በዓል ነው፤ ለእሱ የኦክ ቅጠል ተለቅሞ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ ሁልጊዜ ይጎዘጎዝለታል። ክፍሉ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ነው፤ እኔ ሳሎን ጋቢ ተከናንቤአለሁ።

እና ሥራው የሚጀምረው ሌሊት ነው፤ ቀን ተኝቶ ይውላል፣ እንደ ዘንድሮ ወጣት። ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጁ ውሃ ሳይረጭለት መተኛቱን አውቄ፣ አፈሩ ላዩ ደርቆ እንደሆነ ብዬ፣ ለተክሉ ብዬ ነው፣ ቀስ ብዬ ገባሁ። ሁለቴ ሦስቴ እንደረጨሁ መብራቱ በራ።

"አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?" አለች ልጄ ከበሩ።

"ውኃ ጠምቶኝ" አልኳት፣ መርጫውን በጋቢዬ ሥር እየሸጎጥኩ። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ቅጠል ላይ ተለጥፎ አየኝ አየኝና ዓይኑን ላሰ።